ከቤት የማትወጣ መኪና፣ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ

ባልና ሚስት ለሲም ሬሲንግ ስንት ይመድቡ?

ይህች መኪና ቤንዚን አትጠጣም፤ ጎማ አትቀይርም፤ ትራፊክ ፖሊስም አያስቆማትም። ሳሎን ጥግ ቆማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ትከንፋለች። ነጂዋ እውነተኛ መሪ ይጨብጣል፤ እውነተኛ ፔዳል ይረግጣል፤ መንገዱ ግን ያለው በስክሪን ላይ ነው። ሲም ሬሲንግ የሚባለው የኮምፒውተር የመኪና እሽቅድምድም ይህ ነው።

ብዙዎቻችን የመኪና ጨዋታን የምናውቀው በየሰፈሩ ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንድ ሁለት ዙር ተጫውቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ መውጣት ነበር። ግራን ቱሪስሞ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ ወዲህ ግን ነገሩ እጅግ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው አይሬሲንግ የእውነተኛ መወዳደሪያ ሜዳዎችን ጉብታ ሳይቀር በሌዘር እየለካ በኮምፒውተር ያስቀምጣል። ከሥራ ደክሞ የገባ አባወራ ልጆቹ ሲተኙ መሪውን ይዞ በሌላ አገር ካሉ ሰዎች ጋር ይሽቀዳደማል።

በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ዕቃው በቅርብ ይገኛል፤ ክሬዲት ካርዱም በኪስ አለ። ስለዚህ ጥያቄው «መጫወት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ከሚለው አልፎ «ስንት ቢወጣበት ይበቃል?» ወደሚለው ይደርሳል። ይህ ጥያቄ በጊዜው ካልተመለሰ ጨዋታው የትዳር ጭቅጭቅ ይሆናል።

ዕረፍት ነውር አይደለም

ከሁሉ አስቀድሞ ለጨዋታው ፍትሕ እናድርግለት። እግዚአብሔር ሁሉን እንድንደሰትበት አትረፍርፎ የሚሰጥ አምላክ መሆኑን ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1ጢሞ. 6፥17)። እዚያው ላይ ግን ተስፋችንን በሀብት ላይ እንዳናደርግ ያስጠነቅቃል። ደስታውም ማስጠንቀቂያውም አብረው ይሄዳሉ።

ሲም ሬሲንግ ትዕግሥትን፣ ትኩረትንና ራስን መግዛትን ይጠይቃል። ተቆጥቶ የሚነዳ ሰው በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይጋጫል። ተጫዋቹም ከቤቱ አይርቅም። አንዳንድ ሚስቶች «ውጭ ከሚያመሽ እዚሁ ዓይኔ ሥር ይጫወት» ሲሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ባለቤትሽ መሪ መግዛት ፈለገ ብለሽ መንፈሳዊነቱን አትጠራጠሪ። አንተም ብትሆን ባለቤትህ ዋጋውን ስለ ጠየቀች ደስታህን የምትቃወም አድርገህ አትያት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

የዚህን መዝናኛ ወጪ ለመወሰን አካሄዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጅማሬው ትንሽ ነው። ለምሳሌ ሎጂቴክ ጂ29 የተባለው መሪ ከነዳጅ፣ ከፍሬንና ከፍሪሲዮን ፔዳሎች ጋር ይመጣል፤ በጠረጴዛ ላይ ተጠብቆ ይታሰራል። የዚህ ዓይነት መሪ አዲሱ ከ200 እስከ 400 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ያገለገለው ከዚያም ያንሳል። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ልብ ወደ ሌላ ይሄዳል። የጂ29 ሞተር ኃይሉን ወደ መሪው የሚያደርሰው በጥርስ ነው። «ዳይሬክት ድራይቭ» በሚባለው ግን መሪው በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ ስለሚታሰር የጎማው መንሸራተት ወዲያው እጅ ላይ ይሰማል። ዋጋው ከነፔዳሉ ከ500 ዶላር ገደማ ይጀምራል። ተገዛ እንበል። ሞተሩ ኃይለኛ ስለሆነ ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ቀጥሎ ፍሬኑ ይቀየራል። ርካሹ ፔዳል የሚለካው እግር ምን ያህል ወደ ታች እንደ ወረደ ነው፤ «ሎድ ሴል» ያለው ግን የሚለካው የተረገጠበትን ኃይል ነው። በእርግጥም ነጂው በየዙሩ አንድ ዓይነት አድርጎ ፍሬን እንዲይዝ ይረዳዋል። ነገር ግን ጠንክሮ ሲረገጥ ተሽከርካሪው የቢሮ ወንበር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሪውን፣ ፔዳሉንና ወንበሩን አንድ ላይ የሚይዝ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ማቀፊያ ያስፈልጋል፤ ተጫዋቾቹ «ሪግ» ይሉታል። ሪጉ ሲቆም አንዱ ስክሪን ይጠብባል፤ ሦስት ይሁኑ ይባላል። ሦስቱን ለማንቀሳቀስ ደግሞ ኮምፒውተሩ አቅም ያንሰዋል። በ300 ዶላር የተጀመረው ነገር በዚህ መንገድ 3,000 እና 4,000 ይደርሳል፤ ወንበሩን የሚያናውጥ ማሽን ሲጨመር ደግሞ ከዚያም እጅግ ያልፋል።

ልብ በሉ! ከእነዚህ ግዢዎች አንዱም በራሱ እብደት አይደለም። እያንዳንዱ አጥጋቢ ምክንያት አለው። ችግሩም ይኸው ነው። አንዱ ዕቃ ሌላውን ይጠራል፤ አዲሱ ወጪም ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል። 800 ዶላር ያወጣ ሰው «አሁን 200 ምን አላት?» ይላል። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ በየጊዜው «ይህን እንግዛ ወይስ ይቅር?» እያሉ መከራከር አያዋጣም። የሚያዋጣው የመጀመሪያው መሪ ከመገዛቱ በፊት «ይህ መዝናኛ በዓመት በጠቅላላው ስንት ይሰጠው?» ብሎ መወሰን ነው። ጌታችን ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ትምህርቱ ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ምሳሌው ግን ሰሚው ሁሉ የሚያውቀውን የቤት ጥበብ ይዟል።

ውድ መሪ ፈጣን ያደርጋል?

ብዙ ገንዘብ የሚወጣው «ይህን ብገዛ እፈጥናለሁ» በሚል ተስፋ ነው። የተሻለ ዕቃ ስሜቱን ያሳምራል፤ ስሕተትንም ይቀንስ ይሆናል። ፍጥነት ግን በዋናነት የሚመጣው ከልምምድ ነው። በተራ መሪ ከሚነዳ ልጅ ኋላ የሚቀር ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ሪግ አለ።

ሌላው ማሳመኛ «ነገ ሥራ ይሆነኛል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ጂቲ አካዳሚ የተባለውን የጨዋታ ውድድር አሸንፎ በ2013 በፈረንሳይ ለማን ላይ በእውነተኛ መኪና ተወዳድሯል፤ ታሪኩም በ2023 ፊልም ሆኖ ወጥቷል። አሜሪካዊው ዊሊያም ባይረንም በልጅነቱ በአይሬሲንግ ጀምሮ በ2024 እና በ2025 የዴይቶና 500 አሸናፊ ሆኗል። እነዚህ ግን ከብዙዎች መካከል የተገኙ ጥቂቶች ናቸው። ሁለት ልጆች ያሉት አባት የቤቱን በጀት በእነርሱ ታሪክ ላይ ሊሠራ አይገባውም። መዝናኛ ነው ካልን እንደ መዝናኛ እንመድብለት።

ቁጥሩ ከየት ይምጣ?

ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የአሠራሩ መንገድ ግን አንድ ነው። ግዴታዎች ይቅደሙ፤ መዝናኛው ከቀረው ይውጣ። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ለምሳሌ እናስላ። ከግብር በኋላ በወር 5,200 ዶላር ይገባል እንበል።

አሥራት 520፤ የቤት ኪራይ 1,900፤ መኪናና ኢንሹራንስ 750፤ ምግብና አስቤዛ 850፤ መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት 280፤ አገር ቤት ላሉ ወላጆች 250፤ ቁጠባ 350። ድምሩ 4,900 ነው። 300 ዶላር ቀረ። ከዚህ 140ው ለቤተ ሰቡ የጋራ መዝናኛ ቢሆን ለባል 80፣ ለሚስት 80 ይደርሳል። ይህ 80 ዶላር ባለቤቱ ያለ ማብራሪያ የሚያወጣው ነው። እኩል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንዱ ደስታ በሌላው መሥዋዕትነት እንዳይገዛ ያደርጋል።

በዓመት 960 ዶላር ሆነ። አይሬሲንግ መደበኛ ክፍያው በወር 13 ዶላር ነው፤ በዓመት 156 ይሆናል። መሪው 300 ቢገዛ 504 ይቀራል። ነገር ግን ተጨማሪ መኪና እያንዳንዱ 12 ዶላር ገደማ፣ የመወዳደሪያ ሜዳው እስከ 15 ዶላር ስለሆነ ስምንት ያህል ቢገዛ ሌላ 100 ዶላር ገደማ ይሄዳል። 400 ዶላር ያህል ተረፈ፤ ይህ ለሚመጣው ዓመት ፔዳል ይቀመጥ። የ4,000 ዶላሩ ሪግ ግን በ80 ዶላር ሲሰላ የ50 ወር ድርሻ ነው። «ውድ ነው» ብሎ ከመጨቃጨቅ «የ50 ወር ነው» ብሎ ማየት ዓይን ይከፍታል።

ይህን ለማስጠበቅ አራት ነገሮች ይረዳሉ።

አንደኛ፣ በብድር አይገዛ። ለመዝናኛ በክሬዲት ካርድ ወለድ መክፈል «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ዕቁብ የሚጥል ሰው ተራው እስኪደርስ ይታገሣል፤ ለመሪም እንዲሁ ማጠራቀም ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ሲያምር 30 ቀን ይጠበቅ። ከወር በኋላም ካስፈለገ ይገዛ።

ሦስተኛ፣ አሮጌው ሳይሸጥ አዲስ አይግባ። መሪና ፔዳል ያገለገለ ገበያ አላቸው። በአይሬሲንግ የተገዛ መኪና ግን ለሌላ አይሸጥም፤ ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥም አይነዳም። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደ ወጣው አሴቶ ኮርሳ ያሉ ጨዋታዎች ደግሞ አንድ ጊዜ ተገዝተው ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚያጫውቱ ስለሆኑ ለጀማሪ ይቀላሉ።

አራተኛ፣ ዋጋው ሙሉ ይቆጠር። በኢትዮጵያ ላላችሁ ይህ እጥፍ ያስፈልጋል። የውጭ ምንዛሪ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ በገበያ ዋጋ መወሰን ስለ ጀመረ የ300 ዶላር ዕቃ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዘመድ በሻንጣ ቢያመጣው እንኳ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ አስቡ።

የማይቆም ጨዋታ

ከገንዘቡ ሌላ የሚወጣ ነገር አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። በኢንተርኔት የሚደረግ ውድድር ሕፃን አለቀሰ ተብሎ ለአፍታ አይቆምም። አጭሩ ውድድር እንኳ ከልምምዱ ጋር የአንድ ሰዓት ያህል ምሽት ይወስዳል፤ ረጅሞቹ ብዙ ሰዓት ይፈጃሉ። እራት ቀርቦ «አንድ ዙር ቀረኝ» የሚለው መልስ ከዋጋው በላይ ያቆስላል። አንዳንዴ ሚስት ስለ ገንዘብ ስታነሣ በውስጧ ያለው ብቸኝነት ነው።

መፍትሔው ቀኑን አስቀድሞ መስማማት ነው። ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ ልጆች ከተኙ በኋላ፤ የቤት ለቤት ኅብረት ባለበት ምሽት አይሆንም፤ እሑድ ጠዋት የሚያስተኛ የቅዳሜ ሌሊት ውድድርም አይኖርም። ሐዋርያው የተፈቀደ ነገር እንኳ እንዳይሠለጥንብን ይመክራል (1ቆሮ. 6፥12)። አንድን ነገር እንደምንገዛው ወይስ እንደሚገዛን የምናውቀው ለሁለት ሳምንት ስንተወው ነው።

የተደበቀ ደረሰኝ

በዚህ መዝናኛ ዙሪያ እንደ ቀልድ የሚነገር ልማድ አለ፤ የ600 ዶላሩን ዕቃ «200 ነው» ማለት፣ ካርቶኑን መኪና ውስጥ ደብቆ ማስገባት። ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። 400 ዶላር በአምስት ወር ድርሻ ይተካል፤ የተሰበረ መተማመን ግን በወራት አይተካም። ሚስት አንድ ጊዜ ከተዋሸች በኋላ እውነተኛው ደረሰኝ ሲቀርብላትም ትጠራጠራለች።

እህቴ ሆይ፣ አንቺም እውነቱ ሲነገርሽ ቤቱን እሳት አታድርጊው። እውነት የተናገረ ሰው ሁልጊዜ የሚቀጣ ከሆነ መደበቅን ይማራል። በተስማማችሁበት ገንዘብ የገዛውንም በእንግዳ ፊት አታሹፊበት። ደግሞም መሪውን የምትጨብጠው ሚስት በሆነችበት ቤት ይኸው ሁሉ ለባል ይሠራል።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ግዴታዎቻችን ሁሉ ከተከፈሉ በኋላ በወር የሚተርፈን ስንት ነው? ሁለታችንም እናውቀዋለን?

2. እያንዳንዳችን ያለ ማብራሪያ የምናወጣው እኩል ገንዘብ አለን?

3. ባለፈው ዓመት ለመዝናኛ የወጣውን ሁሉ፣ ወርኃዊ ክፍያውን ጨምረን፣ ብንደምር ስንት ይሆናል?

4. ከሳምንቱ ምሽቶች የትኞቹ የጨዋታ፣ የትኞቹ የእኛ ብቻ ናቸው?

5. አንዳችን ለሌላው ያልተናገርነው ግዢ አለ?

ወገኖች፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ለግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ጸልዩ፤ ደምሩ፤ ቀንሱ፤ ተስማሙ። የተስማማችሁበት ቁጥር ትንሽ ቢሆን እንኳ የሚነዳው በነጻ ልብ ይነዳል፤ ጎን ያለችውም በሰላም ትተኛለች። ጌታ ለቤታችን ማስተዋልን ይስጠን።