በለገጣፎ ጎረቤት የመሰከረለት ቤት ሁሉ ካርታ የለውም

ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ የለገጣፎ ነዋሪ ገሚሱ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ይሰለፋል፤ ገሚሱ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ይጠብቃል። ከሰልፉ ሰው ከጎደለ "ምነው፣ አሞት ይሆን?" ተብሎ ይጠየቃል። ማታ ተሰላፊዎቹ ያው ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዕቁብ ይጣጣላሉ፣ በአንድ ዕድር ድንኳን ይቀመጣሉ።

ከተማዋ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ተካታለች። ከአጠገቧ ያለው የለገዳዲ ግድብ ውኃ የሚጠጣው አዲስ አበባ ነው። ሠራተኛዋም ጠዋት ጠዋት የሚጓዘው ወደዚያው ነው።

ቤት የሚያሻሽጠው ደላላ ወሬውን የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። "ከአስፋልት አምስት ደቂቃ" ሲል በእግር ይሁን በመኪና መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አያት ላይ ያበቃል፤ ለገጣፎ አይደርስም። ስለዚህ ደርሶ መልስ በሁለት ሁለት ታክሲ የሚሄድ ሠራተኛ በቀን 4 ጊዜ ይከፍላል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 104 ክፍያ ነው፤ ባልና ሚስት ከሆኑ 208። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽቶ የመጣ ሰው ይህን ሳያሰላ "ርካሽ ገዛሁ" ቢል ሒሳቡ አልተዘጋም።

ደላላው ቀጥሎ የሚያሻሽጠው ሰፈሩን ነው። "ሰዉ ተዋዷል፤ ዕድሩ ጠንካራ ነው፤ ሌባ አይደፍረውም" ይላል። ይህ ባዶ ማሻሻጫ አይደለም። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ያስጠርጋል፣ ጥበቃ ይቀጥራል፤ አጥሩ የማን እንደሆነም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰፈር ያለ ቤት ቶሎ ገዢ ቢያገኝ አይገርምም።

ችግሩ የጎረቤት ምስክርነት የይዞታ ማረጋገጫን ቦታ ሲወስድ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የከተማዋ አስተዳደር ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ቤቶች ማፍረስ ሲጀምር፣ ቁጥራቸው ከ12 ሺህ በላይ እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ቤታቸው የፈረሰባቸው ነዋሪዎች ውኃና መብራት ገብቶልን ነበር፣ ግብርም ከፍለናል ብለው ተከራክረዋል። ዕድሩ ድንኳን ሊተክልላቸው ይችል ይሆናል፤ ካርታ ግን ሊሰጣቸው አይችልም።

ሕጉ የቆየ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ከገበሬ ላይ በመንደር ውል "ተገዛ" የተባለ ባዶ ቦታ መነሻው ጤና የለውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍና ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መሆን አለበት። ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት ይህን አያሟላም። ነጋዴም በእንዲህ ያለ ቤት ዋስትና ከባንክ ብድር ሊያገኝ አይችልም።

ቀብድ ከመክፈል በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከማኅደሩ ማጣራት ያስፈልጋል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ግድ ነው። ለዚህ አንድ ሁለት ቀን ከሥራ መቅረት ይኖራል። ሻጭ "ሌላ ገዢ መጥቷል" ብሎ ማጣደፍ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው።