ጌጥና ግዳጅ፦ ያማረ የአደን ጠመንጃ በሳይንስ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ1909 የዩናይትድ ስቴትስን ፕሬዚዳንትነት በቅርቡ ያስረከቡት ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ በኬንያ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ የመጀመሪያውን ዝሆናቸውን አደኑ። ሁለቱንም ጥይቶች ተኩሰው ዝሆኑ በወደቀበት ቅጽበት ግን ሌላ ዝሆን ቁጥቋጦውን ጥሶ ወጣባቸው። ኩምቢውን ቢዘረጋ ሊነካቸው ይችል ነበር። በእጃቸው የነበረው ጠመንጃ ባዶ ነው። ከዛፍ ኋላ ተከልለው ቀለሆቹን እያወጡ ሳለ አብሯቸው የነበረው ልምድ ያለው አዳኝ ተኩሶ ዝሆኑን መለሰው።

ያ ጠመንጃ ተራ መሣሪያ አልነበረም። ከሃምሳ የሚበልጡ እንግሊዛውያን አዋጥተው ያበረከቱላቸው፣ በለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተሠራ፣ «ሮያል» የሚል የደረጃ ስም ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር። የዚህ ደረጃ ጠመንጃዎች ብረታቸው በረቂቅ ቅርጽ የተዋበ፣ እንጨታቸውም ከተመረጠ የዋልነት ግንድ የተጠረበ ነው። ታዲያ ዝሆን ፊት ለፊት ቆሞ ባለበት ሰዓት ይህ ሁሉ ጌጥ ምን ይፈይዳል? ይባስ ብሎስ ጉዳት አያመጣምን? ጥያቄው በአዳኞችና በጠመንጃ ሠሪዎች ዘንድ ሲያከራክር ኖሯል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን ከጣዕም አውጥተን ወደ ብረቱና ወደ እንጨቱ ባሕርይ ለመውሰድ እንሞክራለን።

ጠመንጃው የሚሸከመው ኃይል

አስቀድመን ከሒሳብ እንነሣ። የሩዝቬልት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ 31 ግራም ያህል የሚመዝን አረር በሰከንድ ወደ 660 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወረውራል። የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት፣ ማለትም ሞመንተም፣ ተጠብቆ የሚኖር በመሆኑ፣ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ በአረሩ ምክንያት ብቻ በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ወደ ኋላ ይገፋል። አረሩን ተከትሎ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ ሲጨመርበት ፍጥነቱ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። በዚያው ቅጽበት ጥይቱ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ከ2,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

እንግዲህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ብረቱ ግፊቱን አምቆ ይይዛል፤ እንጨቱ ደግሞ የኋሊት ምቱን ወደ ተኳሹ ትከሻ ያስተላልፋል። ማናቸውም ጌጥ የሚያርፈው ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ስለሆነ፣ ስለ ጌጡ ልንጠይቅ የሚገባን «ያምራልን?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ያረፈበትን ነገር ምን አደረገው?» ብለንም ነው።

ውበት የሥራ አሻራ ሲሆን

ያማረ ጠመንጃ ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚማረከው ቃታውን ባቀፈው የብረት አካል ላይ በሚታየው የሰማያዊ፣ የቡናማና የግራጫ ቀለም ውህደት ነው። ብዙዎች ቀለም የተቀባ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አንዲት ጠብታ ቀለም አልነካውም። ሠሪው አነስተኛ ካርበን ያለውን ብረት በአጥንትና በእንጨት ከሰል ውስጥ ቀብሮ ለሰዓታት በከፍተኛ ሙቀት ያቆየዋል። የካርበን አተሞች ወደ ብረቱ ገጽ ሰርገው ይገባሉ። ከዚያም በድንገት ውኃ ውስጥ ሲነከር ገጹ እንደ ሞረድ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን ምት ቻይ ሆኖ ይቀራል። እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ ክፍሎች እንዳይበሉ፣ አካሉም እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው ይህ ጥምረት ነው። በገጹ ላይ የሚቀረው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን የብርሃን ሞገዶች ከላይና ከታች ነጥረው እርስ በርስ እንዲደራረቡ ስለሚያደርግ፣ በሳሙና አረፋ ላይ እንደምናያቸው ያሉ ቀለሞች ይወለዳሉ። ስለዚህ ቀለሙ ብረቱ ያለፈበት እሳትና ውኃ የተወው አሻራ ነው።

የአፈሙዞቹ ጥቁር ሰማያዊ ገጽታም እንዲሁ ነው። በቀድሞው የእጅ ሥራ ዘዴ ብረቱ ሆን ተብሎ እንዲዝግ ይደረግና በፈላ ውኃ ይቀቀላል። በዚህ ጊዜ ቀዩ ዝገት ማግኔታይት ወደተባለው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል። ልል የሆነው ይቦረሽና ሥራው ደጋግሞ ይከናወናል። የሚገኘው ሽፋን ዘይት ይይዛል፤ የዝገትን ግስጋሴ ያዘገያል፤ የብረቱንም ነጸብራቅ ይቀንሳል። ዝገትን በዝገት መከላከል ይሏል ይህ ነው!

በእንጨቱ መጨበጫ ላይ የሚቀረጹት ጥቃቅን የአልማዝ ቅርጾችም ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ላብ ያረጠበው እጅ እንዳይንሸራተት ሰበቃን ይጨምራሉ። በብረቱ ላይ የሚፈሰው ረቂቅ የቅጠልና የሐረግ ቅርጽ ሳይቀር አንድ አገልግሎት አለው፤ እንደ መስታወት የለሰለሰ ብረት ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያንጸባርቅ፣ የተቀረጸው ገጽ ግን ብርሃኑን ይበትነዋል።

ውበት ዋጋ ሲያስከፍል

ይሁን እንጂ ጌጥ ሁልጊዜ የሥራ ወዳጅ ነው ብለን ብንደመድም ራሳችንን እናታልላለን። ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ እንጨቱ ነው። ዋልነት በቃጫው አቅጣጫ ሲሳብ ያለው ጥንካሬ በቃጫው አግድም ሲሳብ ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። ገዢዎች እጅግ የሚወዱት እንደ እሳት ነበልባል የሚጠማዘዝ ሥዕል ግን የሚገኘው ግንዱ ቅርንጫፍ ካወጣበት ወይም ከሥሩ አካባቢ ከተወሰደ እንጨት ነው፤ ሥዕሉ ራሱ የተጣመመ ቃጫ ምልክት ነው። ይህ ሥዕል እጅ በሚጨብጠው የሰደፉ አንገት ላይ ከዋለ፣ ቃጫዎቹ አንገቱን አቋርጠው ያልፋሉ። የሰደፉ አንገት ደግሞ ከእንጨቱ ሁሉ ቀጭኑ ክፍል ነው። ከላይ ያሰላነው የኋሊት ምት ደጋግሞ ሲያርፍበት በመጨረሻ በቃጫው መስመር ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀውም ጠመንጃው በሚተኮስበት፣ ማለትም አውሬው ፊት ለፊት በቆመበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ጠራቢ በአንገቱ ላይ ቀጥ ያለ፣ ለተመልካች የማይስብ ቃጫ እንዲውል ያደርግና ሥዕሉን ትከሻ ላይ ለሚያርፈው ሰፊ ክፍል ይተወዋል።

የቅርጽ ሥራም የራሱ ወሰን አለው። በብረት ላይ የተቆረጠ ስለታም ጎድጓዳ መስመር ውጥረትን በአንድ ቦታ ያከማቻል። ጥልቅ ቅርጽ ከፍተኛ ግፊት በሚሸከመው የአፈሙዙ ክፍል ላይ ቢቆረጥ፣ ስንጥቅ የሚጀምርበትን በር እንደመክፈት ይቆጠራል። በወርቅ ማስጌጥም ቢሆን ያለ ዕዳ አይመጣም። ወርቅ በራሱ አይዝግም፤ ነገር ግን ከብረት ጋር ተነካክቶ የእጅ ላብ ሲያገኘው እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናል፤ በዚህም ሒደት የሚበላው ብረቱ ነው። የመጨበጫው የአልማዝ ቅርጽ እንኳ ከልክ በላይ ሲረቅ ለዓይን ይበልጥ ያምራል፤ ለእጅ ግን ይበልጥ ይለሰልሳል። አገልግሎት የወለደው ቅርጽ ለውበት ሲባል ተሻሽሎ አገልግሎቱን ሲያጣ እናያለን ማለት ነው።

ዓይን የማያየው ጥበብ

የእንዲህ ያሉ ጠመንጃዎች ዋጋ የሚንረው በጌጣቸው ብቻ እንደሆነ አድርገው የሚያስቡ አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለት አረሮቹን በተወሰነ ርቀት ላይ ወደ አንድ ቦታ ማሳረፍ አለበት። አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ስለተጣመሩ ጠመንጃው ሲተኮስ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የመዞር ዝንባሌ አለው። ባለሙያው እየተኮሰ፣ ውጤቱን እያየ፣ በአፈሙዞቹ ጫፍ መካከል ያለችውን ሽብልቅ እያንቀሳቀሰ፣ እንደገና እየበየደ ያስተካክለዋል። ይህ ድካም ሲያልቅ በጠመንጃው ላይ የሚታይ አንዳች ጌጥ አይቀርም፤ የአዳኙ ሕይወት የሚንጠለጠለው ግን በእርሱ ላይ ነው።

ከጌጥ ውጭ ያለውን ጥበብ ካሳዩት መካከል በአገራችን በጊሎ ወንዝ አካባቢ ሳይቀር ያደነው ስኮትላንዳዊው ደብልዩ. ዲ. ኤም. ቤል ይገኝበታል። ቤል ከሺህ በላይ ዝሆኖችን የገደለ ሲሆን፣ አብዛኞቹን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር የማውዘር ጠመንጃ ነው። የዚህ ጠመንጃ አረር ጉልበት ከሩዝቬልቱ ጠመንጃ አረር ጉልበት በግማሽ እንኳ አይደርስም። ቤል የዝሆንን የራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ የአንጎሉን ስፍራ አጥንቶ ነበር። የገደለው ብዛት በዛሬ ዓይን የሚያሳዝን እንጂ የሚያስደንቅ አይደለም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ጌጥም ሆነ የጥይት ትልቅነት የዕውቀትን ቦታ አይተኩም። ሩዝቬልትም ቢሆኑ ከባለ ሁለት አፈሙዙ ጋር የሠራዊት ዓይነት ስፕሪንግፊልድና ባለ ማንሻ ዊንቸስተር ይዘው ሄደዋል፤ ለአንበሳ ይመኩበት የነበረውም ይኸው ዊንቸስተር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ጌጥንና ግዳጅን በተፈጥሯቸው ጠላቶች ናቸው ማለት እንደማይቻል እንገነዘባለን። ከሥራው የተወለደ ውበት አለ፤ እሱ ቢወገድ አገልግሎቱም አብሮ ይጎድላል። ቦታውን ካወቀ የማይጎዳ ውበት አለ፤ በሰደፉ ሰፊ ክፍል ላይ እንዳለው ሥዕል። አገልግሎትን ሸርሽሮ የሚኖር ውበትም አለ። ሦስቱን የሚለየው የገዢው ዓይን ሳይሆን የቁሱ ባሕርይ ነው።

ጨርሶ የማይተኮሱ፣ በከፈይ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ የሚኖሩ ጠመንጃዎችም አሉ። እነዚህን እንደ ሥዕል ወይም እንደ ሐውልት ብናደንቃቸው ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው ያልተፈተነን ነገር ስላማረ ብቻ አስተማማኝ ነው ብለን ሰው ፊት ስናቀርብ ነው። ይህ ደግሞ ለጠመንጃ ብቻ የሚነገር አይደለም። በቤተ ሙከራችንም ሆነ በየወርክሾፑ የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ሲቀርብልን፣ የሰደፉን አንገት ማየት፣ ቃጫው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ልማድ ይሁንልን።