የሁለት ኮምፒዩተር አንጎሎች ንጽጽር

በመሐል ሜዳ አካባቢ የገብስ ማሳው የሰፋበት ገበሬ በሬዎቹን እየገረፈ አያቻኩልም፤ ወንፈል ጠርቶ ጥማድ ይጨምራል። ፕሮሰሰር የተባለው የኮምፒዩተር አንጎልም ነገሩ እንደዚሁ ነው።

ከደመወዙ ቆጥቦ ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት የወጣ ጸሐፊ ሁለት የኢንቴል ሥራዎች፥ ይኸውም ኮር አይ 5 7200ዩ እና ኮር አይ 5 8250ዩ፥ ቢቀርቡለት መምረጥ ይቸግረዋል። የፊተኛው መነሻ ፍጥነት 2.5 ጊጋኸርዝ፥ የኋለኛው 1.6 ብቻ ነውና ቁጥር አይቶ የሚፈርድ ሰው ፊተኛውን ይመርጣል። ዳሩ ግን በ2008 ዓ.ም. የወጣው 7200ዩ ያለው 2 ኮር፥ ማለት 2 ጥማድ ነው፤ በዓመቱ የተከተለው 8250ዩ 4 አለው። ሲያስፈልገውም እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፤ ፊተኛው ከ3.1 አያልፍም። እርግጥ፥ ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማውም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ 8250ዩን ሲቀበል 7200ዩን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ገንዘብዎን ሳይቆጥሩ መሣሪያውን አስከፍተው ሙሉውን ቁጥር ያንብቡ፤ ሻጩ «ሁለቱም አይ 5 ናቸው» ቢልዎ አልዋሸም።