ስለ ስዊችና ሃብ አመራረጥ

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በመኖሪያ ቤት ኮምፒዩተርን፣ ማተሚያንና የጥበቃ ካሜራን በሽቦ የምታገናኘው ሣጥን ዋጋዋ አነስተኛ ስለ ሆነ ብዙዎች ሳይመረምሩ ይገዟታል። ነገር ግን ሃብና ስዊች በመልክ ቢመሳሰሉም በሥራ እጅግ ይለያያሉ።

ሃብ በአንዱ መሰኪያ የገባለትን መልእክት፣ በገበያ መካከል እንደሚለፍፍ ሰው፣ ለሁሉም ያስተጋባል። ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ቢልኩ መልእክቶቹ ይጋጩና እንደ ገና መላክ ግድ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ግን የሒሳብ ሹሙ ወደ ማተሚያው የላከው የዋጋ ዝርዝር፣ በምስጢር ካልተቈለፈ፣ በዚያው ሃብ ላይ ከተሰካ ከማንኛውም ኮምፒዩተር ሊነበብ መቻሉ ነው። ስዊች ግን የእያንዳንዱን መሣሪያ አድራሻ መዝግቦ ስለሚይዝ መልእክቱን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ስለዚህ ሃብ በርካሽ ቢገኝም እንኳ አስመጪው ከፕሮፎርማው ቢሰርዘው ይሻላል።

ካሜራ የሚተክል ነጋዴ ደግሞ ኤሌክትሪክን በዚያው ሽቦ የሚሰጥ ስዊች ያሻዋል። በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው ደንብ አንድ መሰኪያ እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። ሆኖም ባለ 8 መሰኪያው ስዊች ጠቅላላ ኃይሉ 60 ዋት ብቻ ከሆነ፣ ይህን ያህል የሚፈልጉ ካሜራዎች ከ3 በላይ ሊሠሩበት አይችሉም፤ የቀሩት መሰኪያዎች ለካሜራ ከንቱ ናቸው። ገዢው ገንዘቡን ሳይከፍል የመሰኪያውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ዋት ጭምር ይጠይቅ።

ፍጥነቱ 1,000 ሜጋቢት የሆነው ይመረጣል። ከሱቅ እስከ መጋዘን የሚዘረጋው የመዳብ ሽቦም ከ100 ሜትር እንዳያልፍ አስቀድሞ ይለካ።