ሠረቀና ሰረቀ

በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሌባን ሥራ የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ የቀድሞ መምህራን ደቀ መዝሙራቸው አንዱን ፊደል በሌላው ስፍራ ባገባ ጊዜ እንደ ቀላል ስሕተት አያልፉትም ነበር። ይህን የፊደል ጥንቃቄ ዛሬ ከጉባኤ ቤት ይልቅ አጥብቆ የሚሻው የኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ ለእኛም ሕዝብ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ዲቪ በሚባለው የአሜሪካ የዕጣ ቪዛ ነው።

ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ በየዓመቱ እስከ 55,000 የሚደርስ ቪዛ በዕጣ እንዲሰጥ ስትወስን፣ አመልካቹ በመጀመሪያ ማመልከቻውን በፖስታ ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ግን ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ እንዲሆን ስለ ተደረገ፣ አታላዩም ወደዚያው ተሸጋገረ። ሐሳዊው ድረ ገጽ የንስር ማኅተምና ሰንደቅ ዓላማ ለጥፎ፣ ስምን፣ የልደት ቀንን፣ ፎቶግራፍንና የፓስፖርት ቁጥርን ከተቀበለ በኋላ «ዲቪ ደርሶዎታል» ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም የምሥራች የመጣለት መስሎት ተበድሮ ይልካል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ዕጣ የደረሰውን ሰው በኢሜይል አያበሥርም፤ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ያያል እንጂ። ስለዚህ ቅጹን በኢንተርኔት ቤት ያስሞላ ሰው ያን ቁጥር ለሞላለት ሰው ትቶ መሄድ የለበትም፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ዕድሉን ይዞ ዋጋ ሊጠይቅበት ይችላልና።

አድራሻ የሚመረመረው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ ከሚመጣው ከመጀመሪያው እዝባር በፊት ያለው የመጨረሻ ቃልና ከእርሱ የሚቀድመው ስም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን ይናገራሉ፤ የቀረው ሁሉ ማንም እንደ ወደደ የሚደረድረው ነው። የእውነተኛው የዲቪ መመዝገቢያ ስም «ስቴት ዶት ጎቭ» በሚለው ይፈጸማል፤ «ጎቭ» የሚለውንም በአሜሪካ ላሉ የመንግሥት አካላት ካልሆነ በቀር ለማንም አይሰጡትም። እነዚሁ ቃላት በሰረዝ ተያይዘው ከፊት ተሰድረው፣ ፍጻሜው «ዶት ኮም» ከሆነ ግን ቤቱ የሌላ ሰው ነው።

ብዙዎች በአድራሻው ጎን በምትታየው የቁልፍ ምልክት ይታመናሉ፤ እርስዋ ግን የምትመሰክረው የተላከው ቃል በመንገድ እንዳይነበብ መሰወሩን ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ጻድቅ ይሁን ኃጥእ አትናገርም፤ ሌባም ያለ ችግር ያገኛታል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ይህን ምልክት ከክሮም ያነሣው ሰዎች ትርጉሙን ስለሚስቱት ነበር፤ በእኔ አስተያየት ቀድሞ መደረግ የነበረበት ነው።

ዓይንም ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ ላቲንን በሚመስሉ የሲሪሊክ ፊደላት የአፕልን ስም አስመስሎ አድራሻ አስመዘገበ፤ በአንዳንድ ማሰሻዎችም ላይ ከእውነተኛው ለይቶ ማየት አልተቻለም ነበር። እንግዲህ በመልእክት የመጣን ማስፈንጠሪያ ከመጫን ይልቅ አድራሻውን በገዛ ጣት መጻፍ ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፣ ከዘመዶችህ አንዱ ዲቪ በሚሞላበት ቀን አጠገቡ ተቀመጥ፤ አድራሻውንም ከመጨረሻው ቃል ጀምረህ አብረኸው አንብብ።