ጠመንጃው ኢላማ ሲስት፦ ለወታደር ወላጆች

የዛሬውን ጥያቄ ያቀረቡልኝ እዚህ አፉላ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። በጎንደር ገጠር ብረት ሠሪ ነበሩ። ወታደር ልጃቸው ለሰንበት ቤት ሲመጣ «መሣሪያዬ ይስታል» አላቸው። እሳቸውም «አገር ቤት የአንዱን ጠመንጃ በርሜል ከሌላው ሰደፍ ጋር ገጥሜ አቃና ነበር። የልጄን ብፈታው ምን አለበት?» አሉኝ።

እኔ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ፤ በውትድርና የተማርኩትን ግን ልንገራችሁ። ጠመንጃ ሲስት መጀመሪያ የሚታየው ኢላማው ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ግን ከመሐል ርቀው ከሆነ፣ ተኳሹ ደህና ነው፤ ያልተስተካከለው ማነጣጠሪያው ነው። ይህን ማስተካከል በዕብራይስጥ «ኢፑስ» ይባላል፤ የሚደረገውም በተኩስ ሜዳ፣ አዛዥ ባለበት ነው።

ጥይቶቹ ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ግን ማነጣጠሪያውን ማዞር ዋጋ የለውም። በቅድሚያ ተኳሹ ይታያል። ትንፋሹን አልያዘ ይሆናል፤ ምላጩን በድንገት ስቦ፣ ወይም ድምፁን ፈርቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የላላ ብሎን፣ የቆሸሸ ወይም ያረጀ በርሜል ይመረመራል።

አባቶች የሚያውቁት ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዩ «ግራ» ጠመንጃ ነው። እንዲህ ያለው አሮጌ መሣሪያ በቤት ሲገጣጠም የሚስተው በምክንያት ነው። ሰደፉ በደንብ ካልያዘው በርሜሉ በየተኩሱ ይነቃነቃል፤ እንጨቱም እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ጥይቱ ልዩ ልዩ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ በርሜሉና መዝጊያው ካልተስማሙ የባሩዱ ኃይል ወደ ኋላ ወጥቶ የተኳሹን ፊት ሊመታ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን መሣሪያ አትፍቱ፤ አትንኩም። ንብረቱ የሠራዊቱ ነው፤ የሚጠግነውም «ነሻክ» የሚባለው የጦሩ መሣሪያ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው የመሣሪያ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው፤ በቤት ሠርቶ መገጣጠምም ያሳስራል። ልጃችሁም መሣሪያውን እንደታዘዘው ይቆልፍበት፤ ሕፃናት አይድረሱበት።

ታዲያ የአባት እውቀት ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። እኚያን አባት «ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ጥይቶቹ ተሰበሰቡ ወይስ ተበተኑ?» አልኳቸው። ጠየቁት። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ተበትነዋል» አለ። ለካ ለአዛዡ ያልነገረው «አዲስ መጪ ስለሆነ አይችልም» እንዳይሉት አፍሮ ነው። አባትየው «እኔም ስጀምር ዓይኔን እጨፍን ነበር» አሉት። ልጁ እሑድ ወደ ጦሩ ሲመለስ ለአዛዡ ተናገረ።

ኢላማ መሳት አያሳፍርም። የሚያስፈራው ስህተቱን ደብቆ ግዳጅ ላይ መሰማራት ነው። ልጆቻችሁ ይህን ከእናንተ ይስሙ።

ሰላም ሁኑ።