አሥራ አምስት ፈረስ በጣና ላይ

አሮጌ ሞተሩን ከጀልባው ኋላ አውርዶ አዲስ ሊሰቅል ያሰበ የጣና ዓሣ አጥማጅ ሻጩን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየ «15» ይለዋል፤ ሁለቱም እውነተኞች ሰዎች ሳሉ ቁጥሩ ግን ለጣና እውነት አይደለም። ያ ቁጥር የተሰላው በባሕር ጠለል ላይ ላለው ወፍራም አየር ሲሆን፣ ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ነውና።

የቀደሙት ሊቃውንት ፍጥረት የቆመው በአራቱ ባሕርያት፣ ማለት በነፋስ፣ በእሳት፣ በውሃና በመሬት ነው ብለው ሲያስተምሩ ስለ ሞተር ያሰቡት ነገር ባይኖርም፣ እሳት ያለ ነፋስ እንደማይኖር ግን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የሞተርም ምሥጢር ከዚህ አይርቅም። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ስለሚያስፈልገው፣ የሞተሩን ኃይል የሚወስነው ባለቤቱ በጄሪካን ገዝቶ የሚቀዳለት ቤንዚን ሳይሆን ማንም ሳይከፍልበት የሚተነፍሰው አየር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት በጅቡቲም ሆነ በባሕር ዳር ያው ነው፤ በባሕር ዳር ግን በዚያው ስፋት ውስጥ የሚገባው አየር ስስ በመሆኑ የሚነደውም እሳት በዚያው ልክ ያንሳል። መሐንዲሶች በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 3 ያህል ኃይል ይቀነሳል ብለው ያሰላሉ፤ ስለዚህ በጣና ላይ ከመቶ 18 ይጎድላል፣ 15 የተባለው ሞተርም የሚሰጠው 12 ፈረስ ከጥቂት ፍርፋሪ ጋራ ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ቤንዚኑን ከሚገባው በላይ አብዝቶ ይሰጣል፤ ከዚህም የተነሣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ ከእርሷ በምትጠብብ መለወጥ ነው፤ ይህ ግን ብክነቱን ያስቀራል እንጂ የጠፋውን ፈረስ አይመልስም።

«እንግዲያውስ 25 ፈረስ ልግዛና ልገላገል» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእርሱ መልስ የሚሰጠው ውሃው ራሱ ነው። ጀልባ ሲሄድ ከፊቱ ማዕበል ያነሣል፤ ፍጥነቱም በጨመረ ቁጥር በአንዱ ማዕበል ጫፍና በሚከተለው ጫፍ መካከል ያለው ርቀት እየረዘመ ይሄዳል፤ ያ ርቀት ከጀልባው ርዝመት ያለፈ ጊዜ ግን አፍንጫው ራሱ ባነሣው ማዕበል ላይ ወጥቶ፣ ኋላው በሸለቆው ውስጥ ሰጥሞ ስለሚቀር፣ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ኃይል ሁሉ ጀልባው በገዛ እጁ የሠራውን አቀበት ለመውጣት የሚፈስ ይሆናል። ልኩን ለማወቅ የሚሻ ሰው የጀልባውን ርዝመት በውሃው መስመር ላይ በሜትር ለክቶ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ያባዛ፤ 4 ሜትር የሚረዝመው በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 9 ሜትር የሚረዝመው 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲደርስ ከወሰኑ ደረሰ። ቀላልና ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ በማዕበሉ ላይ ወጥቶ ሊንሸራተት ይችላል፤ እርጥብ መረብ፣ ዓሣና ሦስት ሰው የጫነ ከባድ ጀልባ ግን ይህ ዕድል እምብዛም አይገጥመውም፤ ለእርሱ ትልቅ ሞተር መስቀል ቤንዚንን ለማዕበል መገበር ነው።

በእኔ ግምት ሞተር በሚለወጥበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ፕሮፔለሩ ነው። ብሎን በዳዶ ውስጥ አንድ ዙር ሲዞር ጥቂት እንደሚገባ፣ ፕሮፔለርም በአንድ ዙር ወደፊት ሊራመድ የሚገባው ርቀት አለው፤ ባለሙያዎች ይህን ፒች ይሉታል፣ የሚለኩትም በኢንች ነው። ፋብሪካው ከሞተሩ ጋራ የሚልከው ፕሮፔለር ሙሉ ፈረሱን ላልተቀማ ሞተር የታሰበ ስለ ሆነ፣ የጣናው ሞተር በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ያቃስታል፤ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲዞር የተሠራውም ከዚያ በታች ይቀራል፤ ነዳጁ በወጉ አይነድም፣ ፒስቶኑ ካርቦን ይይዛል፣ ባለቤቱም «አዲሱ ከአሮጌው አይሻልም» እያለ ሻጩን ያማል። ፒቹን በአንድ ኢንች መቀነስ በደቂቃ ወደ 200 ዙር ያህል ይጨምራልና፣ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ከትልቅ ሞተር ይልቅ በርካሽ የሚገኝ መፍትሔ ነው።

ከጀልባ ኋላ የሚሰቀለውን ይህን ዓይነቱን ሞተር ለሰፊ ገበያ ያበቃው የኖርዌይ ተወላጁ አሜሪካዊ ኦሌ ኤቪንሩድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የሸጠው ሞተር 1.5 ፈረስ ብቻ ነበረው፣ ክብደቱም 28 ኪሎ ያህል ነበር። (ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣ በሐይቅ ላይ ሲቀዝፍ ስለ ቀለጠበት አሰበው ይባላል፤ ፍቅር ያልገባበት ፈጠራ ጥቂት ነው።) ወደ ጣና ዓሣ ማጥመድ ሞተር ጀልባ ከናይሎን መረብ ጋራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ የሆላንድ ክርስቲያናዊ ድርጅት ጋራ ባቋቋመችው ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱት ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ነበር።

አዲስ ሞተር ለመምረጥ ዓይነቱንም ማወቅ ያሻል፤ በጀልባ ኋላ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል የኖረው ቱ ስትሮክ የሚባለው ዓይነት በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ አዲሱ ቤንዚን የሚገባበትና አሮጌው ጭስ የሚወጣበት በር በአንድ ጊዜ ክፍት ስለሚሆኑ ግን፣ ከሚጠጣው ከሩብ የማያንሰው ሳይነድ ከነዘይቱ ወደ ውሃው ሊወጣ ይችላል። ፎር ስትሮክ በየሁለት ዙሩ ተኩሶ በሩን በቫልቭ ስለሚዘጋ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ዘይቱንም ለራሱ ይይዛል፤ በአንጻሩ የ15 ፈረሱ ክብደት 50 ኪሎ ገደማ ነውና አሮጌውን ቀላል ሞተር የለመደ ጀልባ ኋላው ዝቅ ይልበታል። የሚታጠቡበትንና የሚጠጡትን ውሃ ከዚያው ሐይቅ የሚቀዱ ሰዎች ስላሉ፣ የኔ ፍርድ ወደ ፎር ስትሮክ ያደላል።

አሰቃቀሉን በጥቂቱ እናውሳ። የሞተሩ እግር አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና ከመግዛት በፊት የጀልባው ኋላ ሳንቃ ይለካ፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ታች ጋራ እኩል ወይም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይዋል፤ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ስቦ በባዶ ይዞራል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በጎማ ክንፍ እየተሳበ ስለሚገባ፣ የጣና ደለል ጎማውን ይበላዋል፣ እምቦጭም መግቢያውን ይደፍነዋል፤ ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን የውሃ ጅረት ከተቋረጠች ሞተሩ ያን ጊዜውኑ ይጥፋ።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ የጀልባ ባለቤት ከሆንህ አዲሱን ሞተር በባዶ ጀልባ አትሞክረው፤ መረብህንና ሰዎችህን ጭነህ ሞክረው፤ አሮጌውንም ዘይት በጄሪካን አጠራቅመህ ለመካኒኩ ስጠው እንጂ ወደ ሐይቁ አትድፋው።